ክንፍና መንገድ፦ ስለ በራሪ መኪና ሕልም የቀረበ ሂስ

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል ወደ ከተማ የሚመለከት ሰው አዲስ አበባን ከእግሩ ሥር እንደ ተዘረጋ ሰፊ መድረክ ያገኛታል። በማለዳ ጸበል ተጠምቀው የሚመለሱ ምእመናን፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸከሙ እናቶች፣ ደብተራቸውን የያዙ ተማሪዎች በአንድ ጥርጊያ ይወርዳሉ። ጭጋጉ ሲገለጥ ከበታች የሚታየው ጐዳና በመኪና ሰልፍ ተሞልቶ ይጠብቃቸዋል። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰልፉ የቆመ ይመስላል፤ ጠጋ ብሎ ለሚያይም ከመቆም ብዙ የተሻለ አይደለም። በዚህ ቦታ ቆሞ «ምነው ክንፍ በኖረኝ» የማይል ሰው ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ መነሻም ይኸው ምኞት ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት ጸሐፌ ተውኔት ባለ አንድ ገቢር ድርሰቷን አንብቤ ሐሳቤን እንድነግራት ሰጠችኝ። ሥራው ገና ያልታተመና ለመድረክ ያልበቃ ስለሆነ ስሟንም ርእሱንም ከመጥቀስ እቆጠባለሁ። ታሪኩ የሚፈጸመው በመጪው ዘመን አዲስ አበባ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ከእንጦጦ ተነሥታ ወደ ሐኪም ቤት ስትወሰድ አምቡላንሱ በመኪና ብዛት መካከል ይታገታል። ሾፌሩ ጡሩንባውን ይነፋል፣ ባልየው ይጮኻል፣ ከፊት ያለው መኪና ወዴትም መንቀሳቀስ አይችልም። የተመልካቹ ልብ በተንጠለጠለበት ሰዓት ከሰማይ በራሪ መኪና ይወርዳል፤ እናትየዋን አንሥቶ ከመጨናነቁ በላይ ይዟት ይሄዳል፤ መጋረጃው ይዘጋል።

ድርሰቱ ጉልበት አለው። ሾፌሩና ባልየው የሚወራወሩት ቃል በቀጥታ ከታክሲ ወረፋ የተቀዳ ይመስላል። ይሁን እንጂ አንብቤ ሳስቀምጠው አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ይኸውም በመጨረሻ የመጣው ማሽን የድርሰቱን ቋጠሮ ፈታው ወይስ በቋጠሮው ላይ አልፎ በረረ የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው የአንዲት ጀማሪ ጸሐፊ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቃል ነግሬያት ባለፍሁ ነበር። ዳሩ ግን ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ መሐንዲሶችና ነጋዴዎች በራሪ መኪናን ለከተማ መጨናነቅ ፍቱን መድኃኒት አድርገው ያቀርቡታል፤ ፊልሙም ማስታወቂያውም ይህንኑ ሥዕል ይደጋግማል። ስለዚህ ሕልሙን ራሱን እንደ አንድ የፈጠራ ሥራ ወስዶ መመርመር ከሂስ ሥራ የወጣ አይመስለኝም።

ከመጀመሬ በፊት ግን አንባቢ አንድ ነገር እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታላቅ እህቴ ለጸበል ኪዳነ ምሕረት ሰንብታ ሳለች በአንድ ማለዳ ድንገት ታመመች፤ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ አላት። በመኪና ይዘናት በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ ስድስት ኪሎ ስንወርድ መንገዱ ተዘጋ። ከፊታችን መኪና፣ ከኋላችን መኪና፣ በግራችን አጥር፣ በቀኛችን የተቆፈረ ቦይ ነበር። በዚያች ሰዓት እኔም ወደ ሰማይ ቀና ብዬ ክንፍ ተመኝቻለሁ። ክንፍ አልመጣም። የመጡት ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ያመለጡኝ አራት ጐረምሶች ናቸው። ከአጥር ሥር ሁለት አጣና አንሥተው፣ ጋቢ ዘርግተው ቃሬዛ አበጁ፤ እህቴንም ተሸክመው በቆሙት መኪናዎች መካከል እየተሽሎከሎኩ በእግራቸው አደረሷት። ነፍሷ ተርፏል፤ ቀኝ እጇ ግን እስከ ዛሬ እንደ ቀድሞው አይታዘዛትም። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላ ደርሳ ቢሆን» ያለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። እንግዲህ ስለ መንገድ መጨናነቅ የምጽፈው ይህን ቃል እየሰማሁ ነው።

፩. ከሰማይ የወረዱ ሠረገሎች

የተውኔትን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ከሰማይ የሚወርድ ማሽን አዲስ ነገር አለመሆኑን ያስታውሳል። የጥንት ግሪኮች በቴአትር ቤታቸው ተዋናይን በገመድ አንሥቶ በአየር ላይ የሚያንሳፍፍ ማንሻ ነበራቸው፤ አማልክትና ጀግኖች በእርሱ ወደ መድረክ ይወርዱ፣ ከመድረክም ይነሡ ነበር። ኤውሪፒዴስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ዓመት ባቀረበው «ሜዴያ» በተባለው ትራጄዲ፣ ሜዴያ ልጆቿን ከገደለች በኋላ ከፀሐይ አምላክ በተሰጣት ሠረገላ በአየር ታመልጣለች። አሪስቶትል ይህን ፍጻሜ አልወደደውም። ስለ ቅኔ ጥበብ በጻፈው መጽሐፉ የተውኔት ቋጠሮ ከራሱ ከታሪኩ ሂደት ሊፈታ እንደሚገባውና ከማንሻ የሚወርድ መፍትሔ ተገቢ አለመሆኑን ሲያስረዳ «ሜዴያ»ን በምሳሌነት ጠቅሷል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከውጭ የመጣ መፍትሔ ተመልካቹን ያስደንቀዋል እንጂ ስለ ችግሩ ምንም አያስተምረውም።

ነገር ግን የበረረ ሁሉ አንድ አይደለም። አሪስቶፋኔስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ421 ዓመት ባሳየው «ሰላም» በተባለው ኮሜዲ ውስጥ ትሪጋዮስ የሚባል ወይን አልሚ ገበሬ ጦርነቱ ቢሰለቸው አንድ ትልቅ ጥንዚዛ ቀልቦ፣ በእርሱ ላይ ተቀምጦ ወደ ሰማይ ይወጣል። ተመልካቹ ይስቃል። ይሁንና ገበሬው ከሰማይ ቤት የሄደው የተቀበረችውን ሰላም ፈልጎ ነው፤ ከጕድጓዷ የምትወጣውም ገበሬዎች ተሰብስበው በአንድነት ገመድ ሲጐትቱ ነው። ሜዴያ የበረረችው ለማምለጥ ነበር፤ ትሪጋዮስ የበረረው ለሁሉ የሚሆን ነገር ይዞ ለመመለስ ነበር። በረራን በሥነ ጽሑፍ ውስጥ ስንመዝን ይህ ልዩነት ጥሩ ሚዛን ይሆነናል።

ወደ ራሳችን መዝገብም እንምጣ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግእዝ የተጠናቀረው «ክብረ ነገሥት» ስለ በራሪ ተሽከርካሪ የሚናገር የአገራችን ጥንታዊ ድርሰት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ ከሰጣት ስጦታ መካከል በአየር የሚኬድበት መጓጓዣ እንደ ነበረ ይተርካል። ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው ግን ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከኢየሩሳሌም የወጡት የቀዳማዊ ምኒልክ ባልደረቦች ጉዞ ነው። ሠረገሎቻቸው ከምድር አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብለው ያለ ድካም ይጓዛሉ፤ የ13 ቀን መንገድም በአንድ ቀን ይፈጸማል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሁለት ነገር ልብ እንዲል እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ከፍታው አንድ ክንድ ብቻ ነው። ደራሲው ከደመና በላይ ሊያወጣቸው ቢፈልግ ብዕሩን የሚከለክለው አልነበረም፤ ለጉዞው የሚበቃውን ያህል ብቻ አነሣቸው። ሁለተኛ፣ የተነሣው አለቃው ብቻ አይደለም፤ ሰውም፣ ፈረስም፣ በቅሎም፣ ጭነት የተሸከመ ግመልም አብሮ ተነሥቷል። ከበታች ቀርቶ ወደ ላይ የሚያንጋጥጥ የለም። የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስድስት ክንፍም በትውፊቱ የተሰጠው በደብረ ዳሞ ገደል ላይ ገመዱ በተቆረጠ ጊዜ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ክንፉን ሲስሉ ከብዙ ቁመት የተነሣ የተቈረጠችውን እግር አብረው ይስላሉ፤ ክንፉ የእግሩን ድካም አላስረሳቸውም።

፪. የዘመናችን ሕልምና የማሽኑ ነገር

የዘመናዊው በራሪ መኪና ሥዕል ከዚህ የተለየ የዘር ሐረግ አለው። ፍሪትስ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1927 ለሕዝብ ባቀረበው «ሜትሮፖሊስ» በተባለው ፊልም በረጃጅም ፎቆች መካከል አውሮፕላኖች ሲመላለሱ ይታያል፤ ሠራተኛው ሕዝብ ግን ከምድር በታች ይኖራል። ላንግ ሰማዩን ያሳየን ጕድጓዱን እንዳንረሳ አድርጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረው «ጀትሰንስ» የተባለው የአሜሪካ የካርቱን ፊልም ደግሞ በራሪውን መኪና ይዞ ጕድጓዱን ተወው። አባወራው በሰማይ እየነዳ ቤተሰቡን በየቦታው አድርሶ ሥራው ይገባል፤ ከታች በምድር ላይ ማን እንዳለ አይነገረንም። ከዚያ ወዲህ የምናየው ማስታወቂያ በአብዛኛው የዚህ የሁለተኛው ሥዕል ልጅ ነው።

ሕልሙ ከወረቀት ወጥቶ ብረት ሲለብስ የሆነውን እንመልከት። ሞልተን ቴይለር የተባለ አሜሪካዊ «ኤሮካር» ብሎ የሰየማትን፣ ክንፏ ተፈትቶ ከኋላዋ የሚጐተት መኪና እ.ኤ.አ. በ1949 አበረረ፤ በጠቅላላው የተሠሩት ግን ግማሽ ደርዘን ያህል ብቻ ናቸው። ስሎቫካዊው ሽቴፋን ክላይን የነደፋት «ኤርካር» እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 2021 ከኒትራ ወደ ብራቲስላቫ በ35 ደቂቃ በረረች፤ እርሷም እንደ ማንኛውም አውሮፕላን ለመነሣትና ለማረፍ ማኰብኰቢያ ትሻለች። የቻይናው ኢሃንግ ኩባንያ የሠራት፣ አብራሪ የሌላትና ሁለት ሰው የምትጭነው ባለ 16 ውልብልቢት በራሪ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ከአገሯ የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ አግኝታለች፤ በአንድ ጊዜ የባትሪ ሙሌት የምትሄደው ግን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጀርመኑ ቮሎኮፕተር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ወቅት መንገደኛ ለማመላለስ አቅዶ ሳይሳካለት ቀረ። በዚያው ዓመት የመጨረሻ ወራት እርሱም፣ ሌላው የጀርመን ኩባንያ ሊሊየምም ዕዳቸውን መክፈል እንደማይችሉ ለፍርድ ቤት አስታወቁ።

ይህን የምዘረዝረው በሰው ድካም ለመሳለቅ አይደለም። ሳይሞክር የተሳካለት የለም። ሆኖም ማሽኑን ወደ እኛ ሰማይ አምጥተን ብንመዝነው ሌላ ጥያቄ ይነሣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የእንጦጦ ራስ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እንጦጦ ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በአራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ውልብልቢት የሚነሣው አየርን ወደ ታች እየገፋ ስለሆነ፣ በሳሳ አየር ያንኑ ክብደት ለማንሣት አብልጦ መሽከርከርና አብልጦ ኃይል መፍጀት ይኖርበታል፤ ባትሪውም ፈጥኖ ይደክማል። በሐምሌና በነሐሴ ተራራውን የሚሸፍነው ጭጋግ፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ትልልቅ አውሮፕላኖች የሚነሡበትና የሚያርፉበት የቦሌ ሰማይ ሲጨመርበት፣ ባዶ የመሰለን ሰማይ ባዶ አለመሆኑን እንረዳለን።

ሒሳቡም አስቸጋሪ አይደለም። አንድ የከተማ አውቶቡስ 60 ሰው ጫነ ብንል፣ ያንኑ ሕዝብ ለመውሰድ ባለ ሁለት መቀመጫ በራሪዎች 30 ያስፈልጋሉ። አንድ ሚኒባስ ታክሲ የሚጭናቸውን 12 ሰዎች ለማንሣት 6 ይጠይቃል። እያንዳንዱ በራሪ አርፎ፣ አውርዶ፣ ጭኖ ለመነሣት አንድ ደቂቃ ብቻ ፈጀበት ብለን በቸርነት ብናስብለት እንኳ አንድ ማረፊያ በሰዓት የሚያስተናግደው 120 ሰው ነው፤ ይህም ሁለት አውቶቡስ ማለት ነው። እንግዲህ ወረፋው ከጐዳና ወደ ፎቅ ጣራ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ከጣራው ወርዶ ወደ ቤቱ የሚሄደው ሰውስ በምን ይሄዳል? በእግሩ ነው፤ ያውም በዚያው በጠበበው የእግረኛ መንገድ።

በረራ ለሰው ልጅ ዕለታዊ ኑሮ ከቶ አይበጅም ማለቴም አይደለም። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የዚፕላይን ኩባንያ ትንንሽ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ለሐኪም ቤቶች ደም ማድረስ ይዘዋል። ተራራና ሸለቆ በበዛበት አገር፣ ደም ፈስሷት በምትደክም እናት ዘንድ፣ የዚህ ዓይነቱ ትንሽ ክንፍ ዋጋው ከፍተኛ ነው። መንገደኛ አይጭንም፣ ጌታ አይጭንም፤ የሚያስፈልገውን አድርሶ ይመለሳል። እርሱ ከትሪጋዮስ ወገን ነው። ልዩነቱ ያለው በክንፉ ላይ ሳይሆን ክንፉ ለማን እንደ ተዘረጋ ላይ ነው።

፫. ከተራራ የወረደች ከተማ

አዲስ አበባ ራሷ ከተራራ የወረደች ከተማ ናት። ከእንጦጦ ብርድና የውሃ እጥረት ወደ ፍል ውሃ ሜዳ የተወረደበትና ከተማዪቱ የተቆረቆረችበት ዘመን 1879 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ እርሷ የገቡትን ማሽኖች ታሪክ ያየ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በአርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን አማካይነት የመጣው፣ ሕዝቡ «ሰርኪስ ባቡር» ያለው የእንፋሎት ማሽን ሥራው መንገድ መዳመጥ ነበር። እንግሊዛዊው ቤንትሊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ መንገድ ባልተሠራበት አገር ያደረገው ጉዞ ወራት ፈጅቶበታል። ስለዚህ ከአውቶሞቢሉ በፊት መንገድ ደምዳሚው መምጣቱ የዚያን ዘመን ሰዎች ማስተዋል ያሳያል። መኪና ከመንገድ ተነጥሎ መኪና እንደማይሆን ገብቷቸው ነበር።

የሰማዩም ታሪክ ከምድር ሥራ የተለየ አይደለም። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር የተሠራችው «ፀሐይ» በ1928 ዓ.ም. በረረች፤ በወረራው ዘመን ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ በጥር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ በቃች። በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስሙን ያስጠራው አብራሪውንም መካኒኩንም በራሱ ትምህርት ቤት አሠልጥኖ፣ የጥገና አዳራሹን ሌሊትና ቀን ክፍት አድርጎ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ክንፍ መያዝ አይችልም የሚል ካለ ተሳስቷል። አየር መንገዱ የሚያስተምረን በረራ ማለት ዘጠኝ እጁ በምድር ላይ የሚሠራ ሥራ መሆኑን ነው።

ይህን ትምህርት በከተማ ውስጥ ስንዘነጋው ምን እንደሚሆን ቀላል ባቡሩ አሳይቶናል። በ2008 ዓ.ም. ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ በሁለት መስመር ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ሥራ ጀመረ። ያን ጊዜ የተሰማው ደስታ ተገቢ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ሕዝብ የሚያነሣ፣ በራሱ መንገድ የሚሄድ መጓጓዣ ነበርና። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ማሽንን የሚያኖረው የምረቃው ቀን ጭብጨባ አይደለም፤ የዕለት ተዕለት የብሎን ማጥበቅ ሥራ ነው። በሐዲድ ላይ የተበላሸ ባቡር ቆመ ይባላል፤ በአየር ላይ የተበላሸ በራሪ መኪና ግን ወደቀ ነው የሚባለው።

የከተማችን እውነተኛ ተጓዥ ማን እንደሆነም አንርሳ። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ የእግር ጉዞ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጐዳናዎች ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነጻ በተደረጉበት ዕለት ልጆች በአስፋልቱ መካከል ሲሮጡ፣ ሽማግሌዎች ሲንሸራሸሩ ታይተዋል። ያን ዕለት ክንፍ የተመኘ ሰው አላየሁም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ሥራ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች መስፋታቸው በዚህ ረገድ የሚመሰገን ነው፤ ከነባር ሰፈሩ ተነሥቶ ወደ ዳር የሄደው ነዋሪ በየማለዳው የሚጨመርበት የመንገድ ርዝመትም በዚያው ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት። መጨናነቅ የሚወለደው ከመኪና ብዛት ብቻ አይደለም፤ ቤትና ሥራ፣ ቤትና ትምህርት ቤት፣ ቤትና ሐኪም ቤት ከመራራቃቸውም ነው።

እንጦጦ ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ያሳያል። በተራራው ላይ የኮከብ መመልከቻ ተቋም አለ፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃ መቀበያ ጣቢያም የተተከለው በዚያው ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የተመረቀው መናፈሻም የከተማውን ሰው ሽቅብ ይጠራል። በዚያው ተራራ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የከተማዪቱን ምድጃ ያነደዱ እንጨት ለቃሚ እናቶች የራሳቸውን ክብደት የሚጠጋ ጭነት በጀርባቸው አዝለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወርደዋል። አንዱ ዓይን ወደ ኮከብ ያያል፤ ሌላው ዓይን እግሩ የሚረግጠውን ድንጋይ ይፈልጋል። ሁለቱም የእንጦጦ ልጆች ናቸው። ስለ መጪው ዘመን የሚጽፍ ደራሲ አንደኛውን ይዞ ሁለተኛውን ቢተው ሥዕሉ ጐደሎ ይሆናል።

፬. ወደ ድርሰቱ ስንመለስ

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ ወጣቷ ድርሰት ተመለስሁ። በድርሰቱ ውስጥ አንዲት እንጨት ለቃሚ እናት አለች። አምቡላንሱ በቆመበት ስፍራ በእግሯ ትደርሳለች፤ ቃል አትናገርም፤ በራሪው መኪና ሲመጣ ሸክሟን እንደ ተሸከመች ቀና ብላ ታየዋለች። ከዚህ በላይ ቦታ አልተሰጣትም። በእኔ አስተያየት የድርሰቱ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። የተራራውን አቋራጭ ሁሉ በእግሯ የምታውቀው፣ በቆመው ሰልፍ መካከል ብቻዋን የምትንቀሳቀሰው፣ ምናልባትም ከሁሉ ይልቅ ምጥን የምታውቀው እርሷ ናት። ደራሲዋ መፍትሔውን ከሰማይ ስትጠብቅ በመድረኩ ላይ የቆመችውን ሰው ተመልካች አደረገቻት።

በራሪውን መኪና ከድርሰቱ አውጪው ግን አላልኋትም። የፈጠራ ሥራን በሒሳብ ብቻ መግደል የሂስ ግብ አይደለም። ያልኋት ማሽኑን ከነባሕርይው እንድታመጣው ነው። ሁለት መቀመጫ ብቻ አለው እንበል፤ አንደኛው የእናትየዋ ነው፤ ሁለተኛው የማን ይሁን? የባልየው ነው ወይስ የአዋላጇ? ባልየው ይወርዳል ወይ? ከኋላ በቆመው መኪና ውስጥ ሌላ በሽተኛ ቢኖርስ ማን ይቅደም ይባላል? በዚህ መንገድ ሲታይ በራሪው መኪና ሴራውን የሚዘጋ መሆኑ ቀርቶ የሚከፍት ይሆናል፤ አሪስቶትል የነቀፈውም ማንሻ የሰው ጠባይ የሚፈተንበት የተውኔቱ አካል ይሆናል።

ወጣቷ ጸሐፊ በትሕትና አዳመጠችኝ፤ ቀጥላም ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ያን ዕለት እህትዎን በራሪ መኪና መጥቶ ቢወስዳቸው ደስ አይልዎትም ነበር?» አለችኝ። ጥያቄው እውነተኛ ስለሆነ እውነተኛ መልስ ይገባዋል። ደስ ይለኝ ነበር። እጇም ምናልባት እንደ ቀድሞው ይሆን ነበር። ሆኖም ከዚያ ማለዳ ወዲህ በልቤ የሚመላለስ አንድ ነገር አለ፤ ከኋላችን በቆሙት መኪናዎች ውስጥ ማን እንደ ነበረ ዞር ብዬ አላየሁም። ክንፍ ቢመጣልን ኖሮ እኛ እንሄድ ነበር፤ እነርሱ ግን በዚያው ይቆዩ ነበር።

ያን ዕለት ያስፈለገን ብዙ ነገር አልነበረም። ለአምቡላንስና ለአውቶቡስ ብቻ የተተወ አንዲት መኪና የምታልፍበት መስመር ቢኖር፣ ያ ቦይ ተደፍኖ ቢሆን፣ በሰፈሩ ውስጥ የመጀመሪያ እርዳታ የሚሰጥ ጤና ጣቢያ በእግር ርቀት ቢገኝ ይበቃን ነበር። እነዚህ ነገሮች ለፊልም አይመቹም፤ በማስታወቂያ ላይም አያምሩም። የደራሲ ሥራ ግን ዓይን የማይስበውን እንዲታይ ማድረግ ነው። ስለ ሰርኪስ ባቡር ዘፈን ያወጣ ሕዝብ፣ ስለ እግረኛ መንገድም ጥሩ ተውኔት ቢቀርብለት ተቀምጦ ያያል ብዬ አምናለሁ።

በራሪ መኪና ነገ ይመጣ ይሆናል። ከመጣም እንደ «ክብረ ነገሥት»ቱ ሠረገላ ጭነቱንም፣ በቅሎውንም፣ ሰውንም አብሮ የሚያነሣ ይሁን። እስከዚያው ድረስ ግን እህቴ ያን ማለዳ ከምድር ከፍ ብላ እንደ ሄደች አልረሳም፤ የከፍታዋም ልክ የአራት ጐረምሶች ትከሻ ነበር። ወጣቷ ጸሐፊ ድርሰቷን ለማሻሻል ይዛው ሄዳለች። ተሻሽሎ ሲመጣ በዚያች እንጨት ለቃሚ እናት አፍ ውስጥ ምን ቃል እንዳኖረች ለማየት እጠብቃለሁ።